ማሳ

ነሐሴ ነው። ሻርጃ፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣
አየሩ እንደ ረጠበ ፎጣ ፊት ላይ የሚጠመጠምበት።
አንዲት ነጭ መኪና መጣች በገመድ እየተጎተተች፣
ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላት፣ ግን መንገድ ላይ የሞተች።

«አደባባይ ስዞር ትጠፋለች» አለኝ ኩንጃሊ ሾፌሩ፤
የሱም የኔም ዐረብኛ ስብርብር ነው ካፈጣጠሩ።
«ደግሞ ባንዴ ትነሳለች፣ እንደ ሠርግ ቤት ታሸበርቃለች፤
ሳልነካት ክላክስ ትነፋለች፣ መስኮቷን ታወርዳለች።
ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ ግን ምንም ያልነካት ጤነኛ!»
ዐውቃታለሁ ይቺን አመል፤ ሌሊቱን ሲያስለቅስ አድሮ
ነቃይ ፊት ሲቀርብ የሚድን ጥርስ፣ የለየለት ውሸተኛ።

አንዱ ባትሪ ቀይሮላታል። አንዱ ዲናሞ። ሦስተኛው
«ኮንትሮሏ ነው የሞተው» ብሎ ስድስት ሺህ ድርሃም ጠየቀ፤
ካፊሉም «ከደሞዝህ ነው» ብሎ ስልኩን ዘግቶ ራቀ።

ሞተሯን አስነስቼ ጠበቅሁ፣ እንደ አዳኝ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
የወተት ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ ይዤ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ።
እንድትጠፋ እየለመንኳት ነበር፤ እንግዳ ልመና ነው፤
ሲበላሽ ካላየሁት የማልጠግነው።

አልጠፋችም።

ኮምፒውተሬን ሰካሁባት። አርባ ሦስት ጥፋት ዘረዘረ፤
ስለ ፍሬኑ፣ ስለ መሪው፣ ስለ ኤርባጉ መሰከረ።
አርባ ሦስት ምስክር ቆሞ ሁሉም ባንድ አፍ ሲጮኽ ሳይ
ገባኝ፤ ያየ የለም። ሁሉም ካንዱ ወደ አንዱ ወሬ ተቀባይ።

ኮምቦልቻ ያሠለጠነኝ አሊጋዝ፣ ሁለት ጣቱ የጎደለ፣
«ሁሉም ባንዴ ካበደብህ ማሳውን እይ» ነበር ያለ።

በእጅ ባትሪ፣ በቴስተር፣ ቀሪውን በጉልበቴ
ምንጣፏን ገልጬ ገባሁ፣ ከጎን ወንበሩ ሥር፣ በደረቴ።
ውኃ!
ዝናብ በረሳው አገር፣ ከምንጣፍ ሥር ውኃ።
የማቀዝቀዣዋ ላብ ነው፤ መውጫ ቱቦው በአሸዋ ተደፍኖ
ጠብ ጠብ ሲል የከረመ፣ እግር ሥር ኩሬ ሆኖ፤
አደባባይ ስትዞር ውኃው ወደ ቀኝ ይንጋለላል፣
እዚያ ጥግ አንድ ብሎን አለ፤ አራት ጥቁር ሽቦ ያስራል፣
አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፣ በጣቴ ስነካው ይዞራል።
ቴስተሩን ጫፉ ላይ ሳሳርፍ፣ ዜሮ መሆን የነበረበት
ሁለት ከምናምን አነበበ፤ ሳንኳኳው ሦስት፤ ስተወው ዜሮ ገባበት።

«ስሙ ምንድነው?» አለ ኩንጃሊ ጎንበስ ብሎ ከኋላዬ።
«ማሳ» አልኩት፤ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ጥሎት የሄደ ቃል።
በአባቴ አፍ ግን ማሳ ሌላ ነው፤ ማሽላ ይበቅልበታል።
ስድስት ወንድማማች ሲካፈለው የደረሰኝ ድርሻ
ሞፈር ይዞ ለሚዞር በሬ አይበቃም ለመመለሻ።
ይህን አልነገርኩትም። ዐረብኛዬ እዚያ አይደርስም።

ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ አጠበቅሁ፣ ቅባት ቀባሁ፤
ቱቦውን በእስትንፋሴ ስነፋ የአሸዋውን ጭቃ ቀመስሁ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። አደባባዩ ባዶ ነበር፣ ከአንድ ጽዳት ሠራተኛ በቀር።
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ ዞርን። ኩንጃሊ እየሳቀ አዞረው፤
እኔ አልሳቅሁም፤ ጆሮዬ ዳሽቦርዷ ላይ ነው።
ድንገት የሚመጣን በሽታ ዳነ ብሎ የሚምል የለም፤
እስካሁን አልጠፋችም ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይሰጥም።

ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ፤ ከወፍ ቀድሞ የሚነሳው።
«ምነው ጠፋህ?» አለኝ።
«አደባባይ ላይ ነኝ» አልኩት፣ «እየዞርኩ ነው»።

ኩንጃሊ ስምንተኛውን ጀመረ።