ከሁለት እስከ ሁለት

ደቻቱ ሲሞላ ከድሬ ሰማይ አይደለም፤
እዚህ ደመና እንኳ የለም።
ዝናቡ የጣለው ወዲያ፣ ከተራራው ማዶ፣
ውሃው ግን ይመጣል አሸዋውን ቀዶ።
ፈርዶሳም እንዲሁ ናት፤
በስድስት ወር ተኩል፣ ምንም ሳያማት፣
ልብስ ልታሰጣ ወደ ገመዱ እጇን ስትዘረጋ
የሽርት ውሃዋ ወረደ፣ ቀኗ ገና ሳይጠጋ።

ሮብሌ ባጃጁን ከገንደ ቆሬ አስነስቶ
ጉድጓድ ባለበት ሁሉ «ይቅርታ» ይላታል፤
ጉድጓድ በሌለበትም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት።
ሃያ ስድስት ሳምንት ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩ፤
ቁጥሩን ደግሜ አየሁት።

«የሚያመኝ ሌላ፣ የምትወጊው ጭኔን፤
ለምንድነው?» አለችኝ።
«ላንቺ አይደለም።
ባንቺ ገብቶ ለልጁ ነው የሚደርሰው።
ሳንባው እንደ ረጠበ ፌስታል ተጣብቋል፤
መድኃኒቱ ሄዶ አረፋ ያበጅለታል፣
ሲወጣ እንዲከፈት።
ግን ጊዜ ይፈልጋል፤
አራት መርፌ ነው፣ በየአሥራ ሁለት ሰዓት።»

ከሁለት እስከ ሁለት፣ ከሁለት እስከ ሁለት፤
ማታ፣ ጧት፣ ማታ፣ ጧት።
ሌላው ሰዓት የሚቆጥር ተረኛ እስኪቀይረው፤ እኔ ግን ያን ሌሊት
የቆጠርኩት ለሳንባ ነው፣ ላላየሁት ደረት።

አልነገርኳትም፤
ከሰባት ዓመት በፊት፣ እዚሁ አልጋ ላይ፣
ሙሚና የምትባል የሁርሶ ሴት ነበረች።
ብልቃጡ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤
ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ቢበልጥ በትንሽ።
«አሁን ትወልዳለች፤ አይደርስም» አልኩ።
እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።
አሥራ አንድ ሰዓት አማጠች።
አሥራ አንድ ሰዓት!
ልጇ ስድስት ሰዓት ኖረ፤
ጎድኑ እየሰረጎደ፣ እያቃሰተ፣
እንደ ሽማግሌ።

ፈርዶሳን ምጡ ሲነካካት በክኒን አባበልነው፤
ሁለተኛውን ወጋኋት፤ ሦስተኛውንም።
አራተኛውን ልጁ አልጠበቀም፤
ሊነጋጋ ሲል፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ መጣ።

አለቀሰ።
አለቀሰ ብል ማጋነን ነው፤
ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ አለ።
ግን የሳንባ ድምፅ ነበር።
ስምንት መቶ ሰባ ግራም፤
ቀፊራ ላይ ቢመዘን ከሁለት ማንጎ አይበልጥም።

እጁ ላይ «የፈርዶሳ ልጅ» ብለን አሠርን፤
ሮብሌ ስም ለማውጣት ፈራ።
እኔም «አይዞህ» ብዬ አልዋሸሁትም፤
መርፌው በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም።
አንጀት አለ፣ ዓይን አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣
ራስ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነች ደም ሥር አለች።
አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ የውሃ ጠርሙስ፤
ሲንፈቀፈቅ እንተነፍሳለን፣
ዝም ሲል ሁላችንም ዝም።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ።
ድሬ ላይ፣
ሰው ፍራሹን አውጥቶ ግቢ በሚያድርበት አገር
ልጅ በብርድ ይሞታል፤ ይህን ማን ያምናል?
ሮብሌ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።
ደረቱ ላይ አስተኛነው፣ በሽርጥ ጠቀለልነው፤
ባጃጁ ደጅ ቆሞ አቧራ ለበሰ።
አንድ ሌሊት፣ ሳቁን አፍኖ፣
«ሲስተር፣ ይሄኛው ተሳፋሪ
አልወርድም ብሏል» አለኝ።

ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ስም የለውም።
ስምንት መቶ ዘጠና፤ ወርዶ ነበር፣ ተመለሰ።
ምን እንደሚሆን አላውቅም፤
የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አራተኛዋ ብልቃጥ?
ኪሴ ውስጥ ቀርታ ነበር።
እሱ በተወለደበት ጧት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣
ከሽንሌ አንዲት ልጅ እግር በአይሱዙ ጋቢና መጣች፤
ሃያ ስምንት ሳምንት፣ ውሃዋ ጫማዋን አርሶት።
አዲሱ አዋላጅ «ይቺማ አይደርስ...» ብሎ ጀመረ።
የብልቃጧን አንገት ሰበርኩ፤
ሰዓቴን አየሁ።