ቀን የተጻፈበት ውሃ

ደቻቱ ዳር ሳለን፣ ከኒሙ ማዶ ቤት፣
ሃይቤ የሚሉት ሰው ነበረን ጎረቤት።
ድሬ አንቱታ አያውቅም፤ ሽበቱን ሳንፈራ
«አንተ ሃይቤ!» ነበር ልጁም እሱን ሲጠራ።

«ልጅ ሆኜ» ይለናል፣ «ባቡር በእንፋሎት
ሲነዳ፣ ሥራዬ ውሃ ማጠጣት
ነበር፤ ብረት እንኳ፣ እሳት የጎረሰው፣
ውሃ ካጣ አይሄድም፣ እንኳንስና ሰው።»

ካልጋው ሥር ደርድሯል ሰባት ጄሪካን፣
ቢጫ፣ የዘይት ዕቃ፣ ክዳኑ ድፍን።
በሙቅ ውሃ በኦሞ አጥቦ ደጋግሞ
የዘይቱ ሽታ እስኪጠፋ ፈጽሞ፣
ፀሐይ ላይ ዘቅዝቆ፣ ውስጡን አድርቆ፣
ከቧንቧ ይሞላል ፈረቃውን ጠብቆ፤
ክሎሪን ጠብ አርጎ፣ ክዳኑን አጥብቆ
በከሰል፣ ሆዱ ላይ፣ ቀኑን ይጽፋል።
ስድስት ወር ሲሞላው ለኒሙ ይደፋል፤
አጥቦ፣ እንደገና ሞልቶ፣ አዲስ ቀን ይለጥፋል።

ሰፈሩ ይስቃል። «ሃይቤ፣ ልታገባ ነው?
ግመል ልታረባ? ይሄ ሁሉ ለማነው?»
ቡሽራ ባለሱቁ አንዳንዴ ያበዛል፦
«አልጋው ሥር ባሕር አለው፤ መርከብ ይገዛል!»
እሱ ግን አይቆጣም። «ሳትጠማ ነው» ይላል፣ «ውሃ የሚታሰበው፤
ከጠማህ በኋላማ ጩኸት ነው የሚቀረው።»

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ያች ሌሊት። ደቻቱ፣
አሸዋ ነው ብለን የናቅነው ደረቱ፣
ኳስ የተጫወትንበት፣ ግመል የተኛበት፣
እንደ ባቡር ጮኸ፤ ሐዲድ የሌለበት።

ስለሱ አልጽፍም። የሄዱት ሄደዋል፤
ስማቸውን የሚጠሩ እናቶች አሉ፤ ይበቃል።

የምጽፈው ስለ ጠዋቱ ነው።
ውሃ በበር፣ ውሃ በመስኮት፣ ውሃ በየጫማው፤
አፍ የሚያርስ ጠብታ ግን፣ ሕፃን አልቅሶ ሲጠማው፣
የለም።
ቧንቧው ተገንጥሏል። ጉድጓዱን ጭቃ ዋጠው።
የፈትለወርቅ ልጅ አጎንብሶ ድፍርሱን ሊጠጣው
ሲል፣ ሃይቤ እጁን ያዘ፦ «ተው! ይሄ ውሃ አይደለም፤
ትናንት ሽንት ቤት ነበር፤ ለአፍ አይሆንም።»

ከሰባቱ ሁለቱን ጎርፉ ይዟቸው ሄዷል።
ጉልበቱ ድረስ ሲሞላ፣ ሽማግሌው ለካ ታግሏል፤
አምስቱ ጭቃ ለብሰው፣ ክዳናቸው ሳይከፈት፣
አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፣ እንደ መጡ ለእንግድነት።

እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ እጀታው በረዘመ ጭልፋ
ይቀዳ ጀመር፤ ማንም ኩባያ እንዳይነክር፣ እንዳይጋፋ።
«ልጆች ይቅደሙ። ከዚያ የምታጠባ። ከዚያ የታመመ።
ቡሽራ፣ አንተ ቆይ፤ መርከቡ ገና አልቆመ!»

ሳቅን። እግዜር ይየው፣ በዚያ ቀን ሳቅን።
ክሎሪን ክሎሪን የሚል ውሃ ተቃመስን።
ቡሽራ ተራው ሲደርስ አልጠጣም፤ አለቀሰ፤
ኩባያውን ለአንድ ልጅ ሰጥቶ ወደ ሰልፉ ጫፍ ተመለሰ።

ሃይቤ ከሞተ አሁን ሁለት ዓመቱ ነው።
ቤቱን ስናጸዳ፣ ካልጋው ሥር ያገኘነው
አንዲት ቢጫ ጄሪካን።
ሲራድ፣ ልጁ፣ ያዘችኝ፦ «ተዋት፤ እሷን እንኳን።
ጽሑፉ የሱ እጅ ነው።» በከሰል፣ ደብዘዝ ብሎ፣
«ጥቅምት ሦስት» ይላል፤ ሆዷ አቧራ አዝሎ።

አልኳት፦ «አባትሽ ይሄን ቢያይ ይቆጣ ነበር።
ውሃ እንጂ ትዝታ አላስቀመጠም ለሰፈር።»

ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ተነሣች፤
በሁለት እጇ አቅፋ ከኒሙ ሥር ወሰደች፤
ቀስ እያለች አፈሰሰች።
ዛፉ ጠጣ። ምንም አላለ።

ከዚያ ሙቅ ውሃ። ኦሞ። ፀሐይ። በማግሥቱ ፈረቃው
ሲደርስ ቧንቧ፣ ጠብታ ክሎሪን፣ ክዳን።
ከሰል አነሣች። የአባቷ ጽሕፈት በነበረበት
እጇ ጥቂት ቆመ።
«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»
ነገርኳት። ጻፈች።
ስድስት ወር አለን።