ጡሩምባ ነፊው

አባቴ ቪራሳሚ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
እንፋሎት ነበር ቃሉ።
የስኳር ፋብሪካውን ጡሩምባ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት
ገመዱን ስቦ ሲያስጮሃት፣
የሞሪሸስ ምሥራቅ ይነቃል፤
ሸንኮራ ቆራጭ ሁሉ ቆንጨራውን ይስላል።

ቦይለሩ የታመመ ለት፣ ግፊቱ ቀዩን መስመር ሲያልፍ፣
መሐንዲሱ ገና ሳይሰማ፣ አባቴ ነበር የሚከንፍ።
«ብረት ሳይፈነዳ በፊት ያቃስታል» ይል ነበር፣
«ሰው ነው የማይሰማው።»

ፋብሪካው ተዘጋ። ጡሩምባው ዛገ።
አባቴ ጡረታ ወጣ፤ ወገቡ ሰፋ፣ ጥማቱ በረታ፣
ጣፋጭ ሲያመርት የኖረ እጅ በጣፋጭ ተረታ።
«ስኳር አለብህ» ሲሉት፣ «መች አጣሁት?» አለና ሳቀ፤
«ከከረጢት ወደ ደሜ፣ ቤት ቀየረ እንጂ መች ራቀ?»

እኔ ልጁ፣ ሥራዬ በፍላክ ሆስፒታል
የልብን ጽሕፈት ከወረቀት ማንበብ ነው።
ሐሙስ ዕለት ለዓይኑ ቀጠሮ መጣ፤
«እግረ መንገድህን» ብዬ አስተኛሁት፣
ቀዝቃዛውን ጄል ቀባሁት፣
አሥሩን ሽቦ አሰርሁት።

ወረቀቱ ወጣ።
ከታችኛው ግድግዳ ላይ፣ አሮጌ ጠባሳ።

«አባ፣ ደረትህን ያመመህ መቼ ነው?»
«እኔን? ደረቴን? በጭራሽ።»
ጣሪያውን አየ። አሰበ።
«አንድ ቀን ግን፣ ገበያ፣ አናናስ ስመርጥ፣
ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ።
የሮዝሊን በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ፤
ግማሹን አናናስ በጨውና በቃሪያ በላሁ፣
ተሻለኝ፣ አውቶቡስ ይዤ ቤቴ ገባሁ።»

ያ ነበር እንግዲህ።
አናናሱ እስኪያልቅ ድረስ የልቡ አንድ ጓዳ በደም ጥማት ሞተ፤
ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ባለቤቱም አልባተተ።
ልቡ ራሱ
ልብ ሳይለው።

ስኳር በር ሰብሮ አይገባም፤
የነርቭን ገመድ ይልሳል፣
እየላሰ ያሳሳል።
ደሙ ሲቀንስ፣ ሥጋው ሲታፈን፣
ጡሩምባው አለ፣ እንፋሎቱም አለ፤
የሚስበው ገመድ ግን የለም።

ደግሞ ሌላ አለ፣ ለእሱ ያልነገርሁት፣
ከመጽሐፍ ተምሬ በአባቴ ደረት ያየሁት።
ጤነኛ ልብ ጥቂት ቢጠማ፣ ጥቂት ደም ቢቸግረው፣
ያቺ ትንሽ ጥማት ናት የምታስተምረው፤
ለትልቁ ድርቅ ስንቅ ይቋጥራል፣
እየቆጠበ ያድራል።
ስኳር የጠገበ ልብ ግን ትምህርት አይገባውም፤
ትንሹ ድርቅ መጥቶ ይሄዳል፣ ምንም አይነግረውም።
ትልቁ የመጣ ለት ጎተራው ባዶ ነው።
እንዲያውም በጣፋጭ ተከቦ ይራባል፤
እህሉ ደጁ ላይ ተከምሮ፣ መዝጊያው ከውስጥ ዝጓል።

ይህን ዋጥሁት። የነገርሁት ይህን ነው፦
«ከእንግዲህ ሕመምን አትጠብቅ።
ላብ ያለ ፀሐይ፣
ድካም ያለ ሥራ፣
ሦስት ደረጃ ወጥተህ ትንፋሽ ካጠረህ፣
ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ፤ ጡሩምባህ እሱ ነው።»

ዝም አለ ብዙ። ሽቦዎቹን ስነቅል የደረቱ ሽበት ተነቀለ፣
አላለም «አመመኝ»። እኔ ነኝ «ውይ» ያልሁት።
ወረቀቱን ተቀብሎ በአራት አጠፈ።

«ብረቱ እንኳ ያቃስት ነበር» አለ።

ከዚያ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣
ቦይለር እንደሚያዳምጥ ሰው፤ ቆየ፤
ሸሚዙን ሲቆልፍ አንድ ቁልፍ ዘለለ።