ለውሃው ልበስ

ግንቦት ሲጋመስ ነው፣ ከሰንያ ደሴት ዳር፣
ፀሐይ ላትጠልቅ የማለችበት ሰፈር።
ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሳድል ኖርኩ፤
ጡረታ በወጣሁ በሦስት ሳምንቴ ካያክ ገዝቼ አረፍኩ።
ቢጫ ናት፤ ከኋላ ሣጥን፣ ለዘንግ መሰኪያ፤
የቀረኝ ልብስ ነው፤ ኦስሂልድ ሱቅ ገባሁ፣ ከወደቡ መውጪያ።

"ቀጭን የዝናብ ካፖርት፣ ርካሹን ስጪኝ፤
ፀሐዩ ይበቃል፤ ይኸው አላበኝ።"

ኦስሂልድ ዝም አለች።
ከመድረኩ ወርዳ ባልዲ ሙሉ ባሕር ቀድታ ተመለሰች።
"ክንድህን ንከረው፣ እስከ ክርንህ ድረስ፤
እኔ መቶ ልቁጠር፣ አንተ ብቻ ታገሥ።"

ሃያ ላይ ሳቅኩባት።
አርባ ላይ አጥንቴን የሆነ ነገር ነከሳት።
ስልሳ ላይ ቀልዴ አለቀ።
መቶ ስትል ገመድ ሰጠችኝ፤ "ቋጥረው" አለች፣ "ቶርጌይር፣ እንዳወቅህ።"
በጨለማ በውርጭ ጥቅል ሲያስር ያልሳተው ጣቴ
እንደ ባዕድ ቆመ፤ አልታዘዝ አለኝ የገዛ ንብረቴ።

"ይኸ ክንድህ ነው" አለች፣ "ሌላው ደረቅ ሳለ።
ደረትህ ቢሆንስ…"
አልጨረሰችውም። ባልዲውን ደፋችው።
"ለፀሐዩ አትልበስ።
ለውሃው ልበስ።"

ውሃ ሰው ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤
እኔም እስከ ሃያ ስስቅ ነበር፣ ይኸው።

ልብሶቹ በመደዳ ተሰቅለዋል፣ ራስ የሌላቸው ሰዎች መስለው።
አንዱን ገባሁበት። "ተቀመጥ" አለችኝ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤
"ቅዘፍ" አለችኝ፤ በመጥረጊያ እንጨት አየሩን ቀዘፍኩ፤
ሁለት ጎረምሶች በመስኮት ሲያዩኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ።
ጉልበቱ ያዘኝ። ሌላ አመጣች፤ የአንገቱ ጎማ አነቀኝ፤
መቀስ አንሥታ ክር የሚያህል ቀለበት ከጠርዙ ቀነሰችልኝ።
"እንደ ደግ ጎረቤት ነው" አለች፣ "ይጠጋል እንጂ አያንቅም።
ከሥሩ ምን አለ?" "የጥጥ ካናቴራ።" "ጥጥ ውሃ ከያዘ አይለቅም፤
ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን ሙቀት አይነፍግም።"

ግራጫ ሰደርያ መረጥኩ፣ ዓሣው እንዳያየኝ።
"ዓሣው ይይህ! ፈላጊህ ነው የሚያሳስበኝ"
ብላ ብርቱካናማውን፣ ተንሳፋፊውን ወረወረችልኝ።
ትከሻውን ይዛ ወደ ላይ ጎተተች፤
"አገጭህን ካለፈ ልክህ አይደለም" አለች።
ፊሽካ ከደረት ላይ፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ፊሽካ ለማን ይጮሃል?
ጫፉ የተቆረጠ ቢላ፣
ገመድ እንዲበላ፣ ሰው እንዳይበላ።

ሒሳቡን ሳየው ከካያኳ በለጠ።
ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤
ቅጠሉ ስንት እንደሆነ ግን አይናገሩ።

ማታ (ማታ ከተባለ፣ ፀሐዩ ቆሞ እያየ)
ወገብ በሚደርስ ውሃ ካያኬን ይዛ "ውደቅ" አለችኝ።
በበረዶ መንገድ ላለመውደቅ ስማር ዕድሜዬ ያለቀ፣
ውደቅ ተባልኩ። ወደቅኩ።
ፊቴን ባሕሩ በጥፊ አጮለኝ፤ ትንፋሼ ጠፋ፣ ተመለሰ።
ከአንገቴ በታች ግን አንድ ጠብታ አልደረሰ።
ተንጋልዬ ተንሳፈፍኩ። ከኪሴ ያንን ገመድ አወጣሁ፤
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣ ቋጠርኩት።
ላላ። ቢሆንም ቋጠሮ ነው።
"ምን ትሠራለህ?" አለች ኦስሂልድ።
ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

በማግስቱ ብቻዬን ወጣሁ፤ ፊዮርዱ ጸጥ ያለ፣
ከሩቅ የአንድ ጀልባ ሞተር እያሳለ።
ከረፋድ በኋላ ዘንጌ ጎበጠ፤
ከጓንቴ የማይበልጥ አንድ ኮድ ዓሣ ከጎኔ ፈረጠጠ።
ያዝኩት። መንጠቆውን ነቅዬ አየሁት፣ እሱም አየኝ፤
ብርቱካናማ ሽማግሌ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ምን መስዬው ይሆን?
ከእጄ ተንሸራቶ ገባ ወደ ቤቱ፣
ያለ ሒሳብ፣ ያለ መቀስ፣
ለውሃው የለበሰ ገና ከእናቱ።