ሦስት ጣት

ሃያ ሁለት ዓመት ሰፋሁ፤ ሐዋሳ ጫፍ፣ ቱላ መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ፣
ሜትር እንደ መሐረብ አንገቴ ላይ፣ የሰፈሩን ልክ ሳይ።
የማን ሆድ ከፋሲካ ወዲህ እንደ ገፋ፣
የማን ደረት በሹመቱ ማግስት እንደ ሰፋ፣
ሁሉን በደብተር ይዣለሁ።
የራሴን ደብተር አያሻውም፤ ሰዉ በቃሉ ይዞታል፦
መቶ ሃምሳ ስምንት።
"ባጢሶ" ሲሉ እጃቸው አብሮ ዝቅ ይላል፣
የግልገል ቁመት እንደሚያሳይ ሰው።

ከዋርካው ሥር የወሰን ክርክር ነበር፤
የቡላንጎ አጥር ከሂርባዬ እንሰት ሦስት እርምጃ አልፎ።
ምስክሩ እኔ ነኝ። ጀመርሁ።
"ተነሥና ተናገር እንጂ!" አለኝ አንዱ ከኋላ።
"ቆሜያለሁ" አልሁ።
ሳቁ ከዛፉ ወፍ አስነሣ፣
የቀረውን ቃሌንም ይዞት በረረ።

ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቃል ላንቃሞ አነሣው፤
ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ፣ ከዘራውን ተከለ፣
ዝም አለ፣
ተናገረ።
"እውነት!" አሉ። አጥሩ በማግስቱ ፈረሰ።
እኔም "እውነት" አልሁ፤ አንጋጥጬ።

የዶጊሴም አባት እንዲያው ነበር፤ ሽማግሌ ይዤ የሄድሁ ለት
ከራሴ በላይ፣ ከኋላዬ ያለውን በር አየ፣
የሚገባ ሰው የቀረ መስሎት።

ላንቃሞ በሐምሌ ሞተ።
መጡ፦ "ረዘም አድርገህ ቅደድ፤ ሰውዬው ባሕር ዛፍ ነው።"
"ሁለት ሜትር" አለ አንዱ፤
ሌላው የበሬን መቃን ነካ፣ "እዚህ ድረስ።"
አናጢው ሣጥኑን በዚያው ልክ ጀምሮታል።
እኔ ግን ልማዴ ነው፤ ሳልለካ አልቀድም።
ገባሁ። ከተረከዙ ጀመርሁ።
መቶ ስድሳ አራት።
ሜትሩ የታጠፈ መሰለኝ፤ አቃንቼ ደገምሁ፦
መቶ ስድሳ አራት።
ከኔ ሦስት ጣት።

ሚስቱ ቡርሳሜ ከራስጌው ቀና አለች፤
"ሱሪውን ከመሃል ከተማ ይገዛል፣ እኔ ሌሊት እያጠፍሁ እሰፋለሁ።
አንተ ታውቃለህ ብዬ።"
አላውቅም ነበር።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ዐይኔ ሚዛን ነው እያልሁ።

አቡጀዲውን እንዳዘዙኝ ሁለት ሜትር ቀደድሁ፤
ትርፉን ከእግሩ ሥር አጥፌ በደቃቅ ስፌት መታሁት፣
ማንም እንዳያይ።
ለምን እንደሆን አትጠይቁኝ።

በቀብሩ ለት ስድስት ረጃጅሞች ተሸከሙት።
የኔ ትከሻ አይደርስም፤
ከጎን፣ ከሣጥኑ ጥላ ሥር ሄድሁ፣ ጆሮዬ ወደ ጣውላው ቀርቦ።
ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ
ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ፤ ቀስ ብሎ፣ ከራስጌ ወደ ግርጌ፣
ባዶው ቦታ እስኪያልቅ።
"ከበደን" አሉ፣ ትከሻ እየቀየሩ፣
"ትልቅ ሰው እኮ ነው።"

ቡርሳሜ ወደ እኔ ዞር አለች።
ሜትሬን ኪሴ ውስጥ ጠቅልዬ ጨብጬው ነበር።