በደቡብ ወርዶፋ

ካባቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከክትባት ካርዱ በታች፣
አንዲት ደረሰኝ አለች፣ አራት ቦታ የታጠፈች፤
ጥጓን አይጥ ቀምሷታል፣ ማኅተሟም ደብዝዟል፣
በእጥፋቷ መስመር ላይ ሦስት ፊደል ጠፍቷል።
የግብር ናት። ከፋይ፦ ጉተማ ወዬሳ፣
የከፈለበትም ጨፌ ዳር አንድ ማሳ።

በምሥራቅ ወንዙ፣ ትላለች፤ በምዕራብ ትልቁ ዝግባ፣
በሰሜን የከብት መንገድ፣ ወደ ውኃ የሚያስገባ፤
በደቡብ ወርዶፋ።
ወርዶፋ ብቻ። አባቱ ማን እንደሆን አልተጻፈ፤
ያን ጊዜ የሚያውቀው ሁሉ ከወርዶፋ ጋር አለፈ።

አክስቴ ዲንቂቱ ሰምታ፣ «ምን ሊረባህ?» አለች በስልክ፣
«የወለቀ ጥርስ ቦታ ምላስህን አትላክ!»

ቅዳሜ ከቃሊቲ ሃይገር ላይ ተሳፍሬ፣
ደረሰኟን በላስቲክ ደረት ኪሴ ውስጥ ቀብሬ፣
ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል «ዝግባው ጋ» ማለት አማረኝ፤
«የት?» ቢለኝስ ብዬ «ኮንዶሚኒየም» አልኩ፤ አወረደኝ።

ወንዙን አገኘሁት፤ ምሥራቅ አሁንም ምሥራቅ ነው።
ቀለሙ ግን ፋብሪካው ባሻው ቀን የሚለዋውጠው፤
የዚያን ዕለት ሐምራዊ ነበር። አንዲት ሴት በቦቲ ቆማ
ሰላጣ ታጠጣበታለች፣ አፍንጫዋን በሻሽ ጠምጥማ።

ዝግባው የለም። ስለ ዝግባው የሰማሁት ይለያያል፦
አንዱ መብረቅ ነው የጣለው፣ አንዱ መጋዝ ነው ይላል፤
ኪዮስኩ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ካርድ እየሸጠ፣ ቀና ሳይል፣
«ዝግባ ካፌ?» አለኝ። «እሱማ ተዘግቷል።»

የከብቱ መንገድ ኮብልስቶን ለብሶ ባጃጅ ይርመሰመስበታል፤
መጣመሙን ግን አልተወም፤
ዛሬ የሌለ ድንጋይ ፈርቶ እንደ በሬ ዞር ይላል።

መሐሉ ላይ ቆምኩ።
ምስር ይበቅል ነበር አሉ፤ አሁን ሽቅብ በቅሏል፣ አምስት ፎቅ።
ከሦስተኛው በረንዳ በግ ይጮኻል፣ ገመዱ አጥሮት።
አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ ልቤን ግን ታዘብኩት፣
«ባለ ሁለት መኝታው ስንት ይከራያል?» ሲል ያዝኩት።

ደቡብን ስፈልግ መሸ። ከብሎክ መቶ ሰባት በር፣
ካቦርት የደረበ ሰው፣ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር፣
«ማንን ፈልገህ ነው?» አለኝ።
ማንን ልበለው? የሞተ ሰው ስልክ የለውም።
ወረቀቷን ዘረጋሁለት፤ መነጽሩን አልያዘም፤
አነበብኩለት። ወንዙ ላይ ራሱን ነቀነቀ፣ ዝግባው ላይ ምራቁን ዋጠ፣
«በደቡብ ወርዶፋ» ስል ሬዲዮኑን አጥፍቶ ተቀመጠ።
«ኤጀርሳ» አለኝ ቆይቶ። «ወርዶፋ ኤጀርሳ፤
ያባቴ አባት። ደቡቡማ እኔ ነኛ፣
ሁንዴ፤ ማሳው ከሄደ ወዲህ የማሳው ዘበኛ።»

ልስመው ስጠጋ እጁን አነሣ፦
«ቆይ፤ ያንተ ሰውዬ እኮ፣ ያ ጉተማ ወዬሳ፣
አንድ ትልም ገፍቶብናል። በሬው ነው የሳተው አለ፤
ሽማግሌ ሦስት ዓመት ተቀመጠ፤ ነገሩ እንዲያው ተንጠለጠለ።»

ባትሪውን አብርቶ አሳየኝ፤ ከሮቶው እስከ ቆሻሻ ገንዳ፣
አስፋልቱ ላይ በጫማው ጫፍ እያሰመረ የኛን ዕዳ።
አንዲት ቪትዝ ቆማበታለች፣ የሕፃን ጫማ መስታወቷ ላይ ተንጠልጥሎ።
«ስንት ልክፈል?» አልኩት። ሳቀ ወይ ሳለ፣ አልለየሁም።
«ሌሊቱን ነው የምጠብቀው፤ ትልሙን አልሸጥልህም።»

ኋላ የእንግዳ መዝገቡን ከኩርሲው ሥር መዘዘ፤
ስሜን፣ ሰዓቱን ጠየቀና እስክሪብቶውን አሙቆ ያዘ።
«የመጣበት ጉዳይ» የሚለው ጋ ሲደርስ አላማከረኝም፤
«አዋሳኝ» ብሎ ጻፈ፣
የመጨረሻዋም ፊደል መስመሯን ስታ
ገና ያልመጣውን እንግዳ ረድፍ
አንድ ጣት ገፋች።