ሰባተኛው ጥያቄ

«ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ ማን ወሰነ?» ይላል ወረቀቴ፤
ከሥሩ አንዲት መስመር፣ ለአንድ ሰው ስም የምትበቃ፣
ለሁለት የምትጠብ።

ቢስቲማ ወርጄ፣ ዳገቱን በእግሬ ጨርሼ፣
መቅረጸ ድምፄን ከአቧራው በፎጣ አልብሼ፣
ጦይባ ደጅ ስደርስ ዘንጋዳው ገና እሸት ነው።
(ጦይባ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እውነተኛ ስሟን
እዚያው ዳገቱ አናት ላይ ትቼዋለሁ።)

ቅጹን አነበብኩላቸው፤ «ስማችሁ አይወጣም» ብዬ።
«ከማን ሊደበቅ? አገር የሚያውቀን!» ብሎ ሳቀ ሙሄ።

«የወሰንኩት እኔ ነኛ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ዓይኑን ከቀይዋ መብራት ሳይነቅል፤
«በሬውን ከበረት ያወጣሁ፣ ገመዱን ለነጋዴ ያስጨበጥኩ፣
ቦራው ዞሮ ሲያየኝ
ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩ።
ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ‹ዘገያችሁ› አለኝ።
ዘገያችሁ! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው።»

«እሱማ ምኑን ይወስናል» አሉ እናቱ መሬማ፣
«ሐሙስ ማታ ወዳጃው ላይ፣ አሚን ስንል ጎረቤት ሲሰማ፣
ሼሁ ‹መርፌም የአላህ ናት› አሉ፤
ያኔ ነው የልጄ እግር የተነሣ፣ ልቡም የተስማማ።»

አራጋው ከደጃፍ ሆኖ፣ ማተቡን እያሻሸ፦
«ጠበሉ ይቀድማል እንጂ! ከማርያም በጀሪካን
ተሸክሜ ያመጣሁላት እኔ።
አምላክ ጀሪካኑን ‹የማን ነህ› አይለውም ብዬ።»

የቅሬው ዳኛ እጃቸውን አነሱ። ቃሬዛው የቅሬው ነው።
«ለሬሳ እንጂ ለበሽተኛ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤
ሌሊቱን ሙሉ ተሟገትን።
ኋላ ‹ከምንቀብራት ብናደርሳት አይቀልም?› አለ አንዱ፤
ትከሻው እንደሁ ያው ትከሻ፣ ያው ነው መንገዱ።»

ሩቂያ ጥግ ይዛ ደብተሯን ትገልጣለች።
በሰው ስልክ፣ ኮረብታው ላይ ወጥታ፣ ደሴ ላለው አጎቷ
«እማ እየሞተች ነው» ብላ የደወለች እሷ ነች፤
ይሄን አራጋው ነው በጆሮዬ ያለኝ።
ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኋት፤
አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ቅጹ አይፈቅድላት።

በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ ወጪ። እምነት። ርቀት።
እያንዳንዱን በሌላ ቀለም አሰመርኩ።

ጦይባን መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ወጥተው፣ ብቻዋን።
ዝም አለች። መቅረጫው ዝምታዋን ቀዳ፤
(ኋላ ስገለብጠው «አሥራ አንድ ሰከንድ» ብዬ በቅንፍ ጻፍኩት።)
«እኔማ የወሰንኩት ቀድሜ ነው።
በሐምሌ ነው ያገኘሁት፣ ገላዬን ስታጠብ፣
ከጡቴ በላይ፣ ሽምብራ የምታህል።
ያኔ ብናገር በሬው ይሸጣል፤ መሬቱ ጦሙን ያድራል።
ዘንጋዳው ይታጨድ አልኩ፤
ሩቂያ ፈተናዋን ትቀመጥ አልኩ፤
እስከ ታኅሣሥ ያዝኩት።
ከዚያ ታመምኩላቸው።»

ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች፦
«ይሄን ሙሄ አይስማው።
ስማችሁ አይወጣም ብለሃል አይደል?»

ሙሄ እስከ መንገዱ ሸኘኝ፣ እሸት በጨርቅ ቋጥሮልኝ።
ባጃጁ ኩርባውን ታጥፎ ሲመጣ እጄን ያዘኝ፤
«አንተ የሁላችንንም ሰምተሃል፤
ማን ነው ያዘገየን?»

መቅረጫው ፎጣው ውስጥ ነው፤ መብራቷ ጠፍታለች።
የእኔን ዝምታ፣ ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣
የቆጠረ የለም።